በእውነተኛ የባሕር አደጋዎች ላይ የተመሠረቱ የቴሌቪዥን ድራማዎች ጉድለቶች

በእውነተኛ የባሕር አደጋ ላይ የተመሠረተ የቴሌቪዥን ድራማ በታሪክ የተመዘገበ የመርከብ መስመጥን መነሻ አድርጎ፣ እውነተኛና ልብ ወለድ ሰዎችን ቀላቅሎ የሚተርክ የድራማ ዓይነት ነው። በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የተሠራበት አደጋ የታይታኒክ መርከብ መስመጥ ሲሆን፣ ስለ ላኮኒያ፣ ስለ ቪልሄልም ጉስትሎፍና ስለ ኤስቶኒያ መርከቦችም ድራማዎች ተሠርተዋል። ድራማዎቹ ታሪኩን ለብዙ ሕዝብ ያደርሳሉ። ሆኖም ተመሳሳይ ጉድለቶች በተደጋጋሚ ይታዩባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ የልብስ ወይም የዕቃ ስህተት ቀላሉ ነው። ዋናው ጉድለት በሕግ፣ በአሠራርና በልማድ ድክመት የመጣን አደጋ የአንድ መጥፎ ሰው ሥራ አስመስሎ ማቅረብ ነው። እንዲህ ያለ አቀራረብ የሞቱ ሰዎችን ስም ያጎድፋል፤ ተመልካቹም አደጋው በእውነት ለምን እንደ ደረሰ ሳያውቅ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉ አጭር ታሪክ

ታይታኒክ ሚያዝያ (ኤፕሪል) 14 ቀን 1912 ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ከበረዶ ግግር ጋር ተጋጭታ ከ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ ሰመጠች። ከተሳፈሩት 2,200 ገደማ ሰዎች 1,500 ያህሉ ሞቱ። በ1955 አሜሪካዊው ደራሲ ዋልተር ሎርድ ከአደጋው የተረፉ ሰዎችን አነጋግሮ መጽሐፍ አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በመጋቢት 1956፣ ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ያንን መጽሐፍ በቀጥታ ስርጭት በድራማ መልክ አቀረበው። በስርጭቱ 107 ተዋንያንና 31 የመድረክ ግንባታዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ከታዩት የታይታኒክ የቴሌቪዥን ድራማዎች ታዋቂዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

- «ኤስ.ኦ.ኤስ. ታይታኒክ» (1979)፦ በአሜሪካው ኤ.ቢ.ሲ. የታየ ረጅም የቴሌቪዥን ፊልም።
- «ታይታኒክ» (1996)፦ በሲ.ቢ.ኤስ. በሁለት ክፍል የቀረበ ድራማ። ካፒቴን ስሚዝን የተጫወተው ጆርጅ ሲ. ስኮት ነው።
- «ታይታኒክ» (2012)፦ የመስመጧን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ጁልያን ፌሎውስ ጽፎት በእንግሊዙ አይ.ቲ.ቪ. የታየ ባለ 4 ክፍል ድራማ።
- «ታይታኒክ፦ ደምና ብረት» (2012)፦ በቤልፋስት ከተማ ስለ መርከቧ ግንባታ የሚተርክ ባለ 12 ክፍል ድራማ።

ድራማዎቹ የሚመዘኑበት መዝገብ

ስለ ታይታኒክ የተጻፈው መረጃ ብዙ ነው። መርከቧ ከሰመጠች ከአራት ቀን በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት (ሴኔት) አጣሪ ኮሚቴ ምስክር መስማት ጀመረ። በለንደንም በዳኛው ሎርድ መርሲ የሚመራ አጣሪ ችሎት ከግንቦት እስከ ሐምሌ 1912 ተቀምጦ ከ25,000 በላይ ጥያቄዎችን ጠየቀ። የሁለቱም ቃለ ጉባኤ ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። የድራማ ጸሐፊዎች ስለዚህ የሚቸገሩት መረጃ አጥተው አይደለም። በመዝገቡ የሚገኘው ምክንያት ለድራማ የሚመች ሆኖ ስለማያገኙት ነው።

መዝገቡ የሚያሳየው የብዙ ትንንሽ ውሳኔዎችን መደራረብ ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ የነፍስ አድን ጀልባን ቁጥር የሚወስነው በተሳፋሪው ብዛት ሳይሆን በመርከቡ ግዝፈት ነበር። የመጨረሻው እርከን «ከ10,000 ቶን በላይ» የሚል ሲሆን የሚጠይቀውም 16 ጀልባ ብቻ ነበር። የታይታኒክ መጠን ከ46,000 ቶን ይበልጥ ነበር። መርከቧ 20 ጀልባዎች ስለ ነበሯት ሕጉን አሟልታ እንዲያውም አልፋለች። ጀልባዎቹ ግን መያዝ የሚችሉት 1,178 ሰው ብቻ ነበር። በበረዶ አካባቢ አየሩ ጥርት ካለ ፍጥነት ሳይቀንሱ መጓዝም የብዙ ካፒቴኖች ልማድ ነበር። በአቅራቢያው የነበረችው ካሊፎርኒያን መርከብ አንድ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ብቻ ስለ ነበራት፣ እርሱ ሥራውን ጨርሶ ሲተኛ የጭንቅ ጥሪውን የሚሰማ አልነበረም።

ዋና ዋና ጉድለቶች

1. የአሠራር ድክመትን በአንድ ጥፋተኛ መተካት

ድራማ ፊት ያለው ባላጋራ ይፈልጋል። በቶን የተጻፈ ደንብ ግን ፊት የለውም፤ ከእርሱ ጋር መጨቃጨቅም ሆነ እርሱን በጥፊ መምታት አይቻልም። ስለዚህ በታይታኒክ ላይ በተሠሩ ብዙ ሥራዎች የመርከቡ ኩባንያ ኃላፊ ብሩስ ኢስሜይ ያንን ቦታ ይይዛል። የተለመደው ትረካ ኢስሜይ የፍጥነት ክብረ ወሰን ለመስበር ካፒቴኑን አስገደደ የሚል ነው።

ይህ ትረካ ከመርከቧ አቅም ጋር አይገጥምም። የጊዜው ባለ ክብረ ወሰን ሞሪታኒያ በ26 ኖት ገደማ ትጓዝ ነበር (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)። ታይታኒክ በተጋጨች ጊዜ ፍጥነቷ 22 ኖት ገደማ ሲሆን፣ የተሠራችውም ለፍጥነት ሳይሆን ለግዝፈትና ለምቾት ነው። ሎርድ መርሲም የካፒቴኑ ፍጥነት የዘመኑ ልማድ እንደ ነበረ፣ ወደፊት ግን ያው ልማድ ከቀጠለ ቸልተኝነት እንደሚሆን ደምድሟል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጥፋተኛው ኢስሜይ ብቻ ከሆነ መፍትሔው የተሻለ ሰው መሾም ነው። ጥፋቱ የደንቡ ከሆነ ግን ደንቡ መለወጥ አለበት። በታሪክ የሆነውም ይኸው ሁለተኛው ነው፤ በጥር 1914 በለንደን የተፈረመው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ ጀልባና የማያቋርጥ የሬድዮ ጥበቃን የመሳሰሉ ጉዳዮችን አንስቷል። የአደጋው ትልቁ ውጤት ይህ ሆኖ ሳለ፣ ድራማዎች ብዙውን ጊዜ የሚያበቁት የተረፉት ሰዎች ኒው ዮርክ ሲደርሱ ነው።

2. በእውነተኛ ስም ላይ ያልተሠራ ጥፋት መለጠፍ

በአማርኛ «ሙት ወቃሽ አታድርገኝ» ይባላል። የሞተ ሰው ራሱን ሊከላከል አይችልምና። በብዙ አገሮች ሕግም የሞተ ሰው ስም መጥፋት በፍርድ ቤት አይጠየቅም፤ ስለዚህ ጸሐፊውን የሚይዘው ኅሊናው ብቻ ነው።

ግልጽ የሆነው ምሳሌ በ1996ቱ ድራማ የሚገኘው የአሊሰን ቤተሰብ ሞግዚት ታሪክ ነው። የካናዳ ባለ ሀብት የነበሩት ባልና ሚስት ከሁለት ዓመት ሴት ልጃቸው ጋር ሲሞቱ፣ ሕፃኑን ትሬቨርን ይዛ በ11ኛው ጀልባ የተሳፈረችው ሞግዚት አሊስ ክሊቨር ከነሕፃኑ ተረፈች። ድራማው ይህችን ሴት ቀደም ሲል የራሷን ልጅ የገደለች፣ አእምሮዋ የታወከ አድርጎ አሳይቷል። በ1909 ልጇን በመግደል የተፈረደባት ሴት በእርግጥ ነበረች፤ ነገር ግን ሌላ ሴት ናት። ሁለቱ የሚገናኙት በስም መመሳሰል ብቻ ሲሆን፣ ስህተቱ አስቀድሞ በመጽሐፍ ታትሞ ወደ ድራማው የገባ ነው። ሞግዚቷ በ1984 ስለ ሞተች መልስ ልትሰጥ አልቻለችም። ሕፃን ያዳነች ሴት በብዙ ሚሊዮን ተመልካች ፊት ሕፃን ገዳይ ሆና ቀረበች ማለት ነው።

በሲኒማ በኩል የሚጠቀሰው ተመሳሳይ ጉዳይ የአንደኛ መኮንን ዊልያም መርዶክ ነው። የ1997ቱ የሆሊውድ ፊልም መርዶክ ተሳፋሪ ተኩሶ ከገደለ በኋላ ራሱን ሲያጠፋ ያሳያል። አንድ መኮንን ራሱን አጠፋ የሚሉ የዓይን ምስክሮች ቢኖሩም፣ ያ ሰው መርዶክ ስለ መሆኑ የተረጋገጠ ነገር የለም። የትውልድ ከተማው የስኮትላንዷ ዳልቢቲ ተቃውሞ ካሰማች በኋላ፣ በ1998 የፊልም ድርጅቱ ባለሥልጣን ወደ ከተማዋ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለትምህርት ቤቱም በመርዶክ ስም ለሚሰጠው መታሰቢያ ሽልማት 5,000 ፓውንድ ተሰጠ። ፊልሙ ግን ሳይለወጥ ዛሬም ይታያል። ይቅርታውን የሚያውቀው ሰው ፊልሙን ካየው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

3. አደጋውን ለሌላ ታሪክ መድረክ ማድረግ

አንዳንድ ጸሐፊዎች የመርከቧ መስመጥ ብቻውን ተመልካች የሚይዝ አይመስላቸውም። የ1996ቱ ድራማ በመርከቧ ሠራተኞች መካከል ሌባና ደፋሪ የሆነ ልብ ወለድ አስተናጋጅ አስገብቷል። የ2012ቱ የአይ.ቲ.ቪ. ድራማ ደግሞ በ1911 በለንደን ሲድኒ መንገድ ከተደረገው የተኩስ ልውውጥ ጋር ስሙ የሚነሳውን «ሰዓሊው ጴጥሮስ» የተባለ ተፈላጊ ታይታኒክ ላይ አሳፍሮታል። ይህ ሰው በመርከቧ ላይ ስለ መኖሩ አንዳች ማስረጃ የለም።

ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ መጨመር በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ ልብ ወለዱና እውነቱ በአንድ መልክ ስለሚቀርቡ ተመልካቹ ሊለያቸው አለመቻሉ ነው። በተጨማሪም የተጨመረው ወንጀል ጊዜ ይሻማል። ለጌጣጌጥ ስርቆት የተሰጠው ሃያ ደቂቃ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኞቹ የበረዶ ማስጠንቀቂያዎችን እንዴት እንዳስተናገዱ ከማሳየት የተወሰደ ነው።

4. ጸጥታውን በጩኸት መተካት

በማስታወቂያ የሚቋረጥ የቴሌቪዥን ድራማ በየጥቂት ደቂቃው አስደንጋጭ ነገር ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ሽብሩ ግጭቱ እንደ ደረሰ ወዲያው ይጀምራል። በታሪክ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ባሕሩ ጸጥ ያለ፣ ሌሊቱ ጨረቃ የሌለው ነበር። የመርከቧ መብራት እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በርቷል። ሙዚቀኞች ይጫወቱ ነበር። በመርከቧ ሁሉ የሚሰማ የድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ አስተናጋጆች በየክፍሉ እየዞሩ ያንኳኩ ነበር። ብዙ ተሳፋሪዎች ሞቃቱን መርከብ ትተው በጨለማ በትንሽ ጀልባ መውረድን እምቢ አሉ። የመጀመሪያው ጀልባ 65 ሰው የመያዝ አቅም እያለው 28 ሰው ገደማ ይዞ ወረደ።

ስለዚህ በዚያች ሌሊት ቀድሞ ሕይወት ያስከፈለው ሽብር ሳይሆን መረጋጋት ነው ማለት ይቻላል። ይህንን የሚደብቅ ድራማ ጠቃሚውን ትምህርት ይገለብጠዋል። ተመልካቹ አደጋ ማለት ጩኸትና ግፊያ ነው ብሎ ይማራል፤ ጩኸት ካልሰማ ገና ጊዜ ያለው ይመስለዋል።

ሌላው ልማድ ሁሉንም ሟች በመስመጥ የሞተ አድርጎ ማሳየት ነው። ውሃው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነበር። የነፍስ አድን ጃኬት የለበሱ ብዙዎች የሞቱት በላዩ እየተንሳፈፉ፣ በብርድ ነው። ተዋንያን የሚቀረጹት ለብ ባለ የገንዳ ውሃ ውስጥ በመሆኑ ይህ ብርድ ብዙ ጊዜ በስክሪኑ አይሰማም።

5. ማን ፊት እንደሚሰጠው

ከአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች 62 ከመቶ ያህሉ ሲተርፉ፣ ከሦስተኛ ማዕረግ የተረፉት 25 ከመቶ ያህል ናቸው። ድራማዎች ይህንን ልዩነት የሚገልጹት በተቆለፈ የብረት በርና መሣሪያ በያዘ ጠባቂ ነው። የተዘጉ በሮችና መከልከያዎች እንደ ነበሩ የተረፉ ሰዎች መስክረዋል። ይሁን እንጂ ከበሩ በላይ የጎዱት ነገሮች ነበሩ፦ ማዕረጎችን የሚለየው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ፣ ወደ ጀልባዎቹ የሚወስደው የተወሳሰበ መንገድ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፉ ምልክቶች፣ የማምለጫ ልምምድ አለመደረጉ። በለንደኑ ችሎት ከሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች አንድም ሰው አልመሰከረም። ድራማዎቹም ይህንን ክፍተት ወርሰዋል። በታችኛው ፎቅ ከአየርላንዳውያን ሌላ ስዊድናውያን፣ ፊንላንዳውያን፣ ዛሬ ሊባኖስ ከሚባለው አገር የመጡ ሰዎችም ነበሩ፤ በስክሪኑ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት እንግሊዝኛ የሚችሉት ብቻ ናቸው።

ይህ ጉድለት በታይታኒክ ብቻ አይወሰንም። የእንግሊዟ ላኮኒያ መርከብ በመስከረም 1942 በአትላንቲክ ውቅያኖስ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ስትሰምጥ ከ2,700 በላይ ሰዎች ጭና ነበር። ከእነዚህ 1,800 ያህሉ ኢጣልያውያን የጦር ምርኮኞች ነበሩ፤ ከሟቾቹም የሚበዙት እነርሱ ናቸው። የሰርጓጁ አዛዥ ቬርነር ሃርተንሽታይን ተመልሶ የተረፉትን ማዳን ቢጀምርም፣ የአሜሪካ አውሮፕላን ሰርጓጁን በቦምብ ደበደበው። በ2011 በቢ.ቢ.ሲ. የታየው «የላኮኒያ መስመጥ» ይህንን ታሪክ በጥንቃቄ ከሚያቀርቡት አንዱ ነው። የምርኮኞቹን መዘጋትም ያሳያል። ሆኖም የድራማው ልብ ያለው በጀርመኑ አዛዥ፣ በእንግሊዛዊ መኮንንና ማንነቷን በደበቀች ልብ ወለድ ጀርመናዊት ላይ ነው። ከሁሉ በላይ የሞቱት ከሁሉ ያነሰ ስም አላቸው።

ለድራማ የሚመረጠው አደጋ ራሱም ያው ዝንባሌ አለበት። በታህሳስ 1987 በፊሊፒንስ የሰመጠችው ዶኛ ፓዝ ከ4,000 በላይ ሰዎች፣ በመስከረም 2002 የሰመጠችው የሴኔጋሏ ለ ጆላ ከ1,800 በላይ ሰዎች ሞተውባቸዋል። ሁለቱም ከታይታኒክ የበለጠ ሕዝብ ቢያጠፉም በዓለም ቴሌቪዥን ያላቸው ቦታ ከእርሷ ጋር አይወዳደርም። ከጅቡቲ ዳርቻ ወደ የመን ሲሻገሩ የሰመጡ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሞቱባቸው ጀልባዎች ደግሞ አብዛኛዎቹ ስም እንኳን የላቸውም።

6. የሳይንስና የቀረጻ ውስንነት

አንዳንድ ስህተት የዘመኑ እውቀት ነው። የታይታኒክ ስብርባሪ የተገኘው በመስከረም 1985 ሲሆን፣ መርከቧ ለሁለት ተሰብራ እንደ ነበረ የተረጋገጠው ያኔ ነው። የ1979ኙ ድራማ ሳትሰበር ስትሰምጥ ማሳየቱ ስለዚህ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ምክንያቱም በ1912 መርከቧ ስትሰበር አየን ያሉ ምስክሮች ቢኖሩም የለንደኑ ችሎት አልተቀበላቸውም ነበር።

ሌላው ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ማጋነን ነው። «ደምና ብረት» ዋና ገጸ ባሕርይውን የብረት ሊቅ አድርጎ፣ በብረቱ ጥራት ላይ ያለውን ጥርጣሬ የታሪኩ ሞተር ያደርገዋል። ከስብርባሪው የተወሰደው ብረት በቅዝቃዜ ተሰባሪ እንደሚሆን፣ ከመጋጠሚያ ሚስማሮቹም አንዳንዶቹ ጥራት እንደ ጎደላቸው በምርመራ ታይቷል። ነገር ግን ብረቱ በዘመኑ መለኪያ ተራ ብረት ነበር። በዚያው ፋብሪካ የተሠራችው እህቷ ኦሊምፒክ እስከ 1935 አገልግላለች።

7. ቁስሉ ያልሻረ አደጋ

በመስከረም 28 ቀን 1994 በባልቲክ ባሕር የሰመጠችው ኤስቶኒያ 852 ሰዎች ሞተውባታል፤ የተረፉት 137 ናቸው። በ1997 የወጣው የሦስት አገሮች ሪፖርት በአፍንጫዋ በኩል ወደ ላይ የሚከፈተው የብረት ሽፋን መቆለፊያዎች በማዕበል ተሰብረው ውሃ ወደ መኪና ማቆሚያው ፎቅ እንደ ገባ ደምድሟል። ይሁን እንጂ ስለ ፍንዳታና ስለ ግጭት የሚነገሩ መላምቶች አልቆሙም። አዲስ ምርመራ ተከፍቶ በጥር 2023 የወጣው የመጀመሪያ ግምገማ የፍንዳታም ሆነ ከሌላ መርከብ ጋር የመጋጨት ምልክት እንዳልተገኘ ገልጿል። በዚያው ዓመት በፊንላንድ የተሠራው ባለ 8 ክፍል «ኤስቶኒያ» ድራማ ምርመራውን ማዕከል ያደረገ ነው።

መርማሪን ማዕከል ማድረግ የተሻለ መንገድ ነው፤ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ፊት ያመጣዋልና። ግን አደጋም አለው። ድራማ ጥርጣሬን ይወዳል፤ የምርመራ ሪፖርት ደግሞ አሰልቺ የሆነ መልስ ይሰጣል። በሕይወት ላሉት የሟች ቤተሰቦች አንድ በደንብ የተተወነ ጥርጣሬ ለዓመታት የሚዘልቅ ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

በድራማዎቹ በኩል የሚቀርብ መልስ

የድራማ ሠሪዎች መከራከሪያ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ድራማ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም። ሁለተኛ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ 2,200 ሰው ማሳየት አይቻልም፤ ማዋሐድ ግድ ነው። ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው መጽሐፍ የሚፈልገው ድራማውን ካየ በኋላ ነው። ሦስቱም እውነትነት አላቸው።

ሆኖም ለልብ ወለዱ ክፉ ሰው ልብ ወለድ ስም መስጠት ምንም ወጪ አይጠይቅም። በመጨረሻው ገጽ «ይህ ገጸ ባሕርይ የፈጠራ ነው» ብሎ መጻፍም እንዲሁ። በ1956 የቀረበው የቀጥታ ስርጭት ጠባብ ስቱዲዮና ጥቁርና ነጭ ምስል ብቻ ነበረው። ያም ሆኖ አንድ ተራኪ ታሪኩን እያያያዘ፣ አንድ ዋና ጀግና ሳይመርጥ፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ አደጋው በብዙ ሰዎች ትንንሽ ውሳኔ እንዴት እንደ ተሠራ ማሳየት ችሏል። ይህ የሚያሳየው ጉድለቱ ከገንዘብ ወይም ከቴክኖሎጂ ማነስ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ነው።

ድራማዎቹን በጥንቃቄ ለመመልከት

ለተማሪዎች የሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ።

- ክፉ ሆኖ የቀረበው ሰው በእውነት የነበረ ነው? ከሆነ፣ ያ ድርጊቱ በምስክር ቃል ውስጥ ይገኛል?
- ድራማው የተሠራው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ምን አዲስ ነገር ታወቀ?
- ከሟቾቹ የሚበዙት እነማን ነበሩ? በስክሪኑ ላይ የሚናገሩትስ እነማን ናቸው?
- ያ አንድ ሰው ባይኖር ኖሮ አደጋው ይቀር ነበር? ለታይታኒክ የዚህ ጥያቄ መልስ ከ1912ቱ የጀልባ ደንብ ይጀምራል፤ ኢስሜይ ባይሳፈርም ጀልባዎቹ ያው 20 ነበሩ።